ተያያዥ ጽሕፈትን በፈረንሳዮች መንገድ ማስተማር፦ ከሰሞሊና ትሪ እስከ 2 ሚሊ ሜትር መስመር

በፈረንሳይ ትምህርት ቤት ልጅ መጻፍ ሲማር የሚማረው ተያያዥ ጽሕፈት ነው። እኛ አገር በብዙ መዋዕለ ሕፃናት እንደሚደረገው የእንግሊዝኛውን ፊደል መጀመሪያ ነጣጥሎ አስጽፎ፣ ልጁ ከፍ ሲል «ከርሲቭ» መጨመር እዚያ የለም። ትንሹን የኅትመት ፊደል ልጁ መጽሐፍ ላይ ያነበዋል፤ ጻፈው ግን አይባልም። የማተርኔል፣ የመዋዕለ ሕፃናታቸው፣ ሦስቱ ዓመታት እንዲህ ይሄዳሉ፦ በ3 ዓመቱ ፕቲት ሴክሲዮን ገብቶ ይሞነጫጭራል፣ ቀለም ይቀባል፤ በ4 ዓመቱ ሞየን ሴክሲዮን ስሙን በትልልቁ የኅትመት ፊደል ይጽፋል፤ በ5 ዓመቱ ግራንድ ሴክሲዮን ተያያዡን ይጀምራል። በ6 ዓመቱ አንደኛ ክፍል፣ እነሱ ሴፔ የሚሉት ሲደርስ በየቀኑ ይጽፋል።

ይህ መመሪያ ፈረንሳይ አገር ልጅ ለሚያሳድጉ፣ እ.ኤ.አ. ከ1947 ጀምሮ አዲስ አበባ ላይ የሚያስተምረው ሊሴ ገብረ ማርያም ልጅ ላላቸው፣ እንዲሁም ዘዴውን በክፍላቸው መሞከር ለሚፈልጉ አስተማሪዎች የተጻፈ ነው። ከሁሉ አስቀድማችሁ አንድ ልማድ ያዙ። ልጁ ሲጽፍ የተጻፈውን ትታችሁ የእርሳሱን ጫፍ ተከተሉ፦ ከየት ተነሣ፣ በየት በኩል ዞረ፣ የት ቆመ። በተሳሳተ መንገድ ተዞሮ ቆንጆ ሆና የወጣች ፊደል ብቻዋን ስትቆም አታስታውቅም። ከጎረቤቷ ጋር ስትያያዝ ግን ትበላሻለች፤ ያኔ ደግሞ እጁ ለምዶታል።

ስለ ፊደላቱ ስም አንድ ማስታወሻ። እዚህ የምንጠራቸው በፈረንሳይኛ ስማቸው ነው፤ ከእንግሊዝኛው ጋር ቀላቅሎ የሚጠራ ቤተሰብ ልጁን ያደናግረዋልና። የፈረንሳይኛዋ «አ» በእንግሊዝኛ «ኤ» የምንላት ናት። «ኧ» የእንግሊዝኛዋ «ኢ»፣ «ኢ» የእንግሊዝኛዋ «አይ»፣ «ኡ» ደግሞ «ዩ» ናት። «አሽ» «ኤች»፣ «ኩ» «ኪው»፣ «ኢግሬክ» «ዋይ» ናቸው። በጣም የሚያምታቱት ሁለቱ «ዤ» እና «ዢ» ናቸው፦ «ዤ» በእንግሊዝኛ «ጂ» ስትሆን «ዢ» ደግሞ «ጄ» ናት፤ ተለዋውጠዋል ማለት ነው።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

ዕቃው ብዙ አይደለም። የኤችቢ እርሳስ፣ ቢቻል ባለ ሦስት ማዕዘን፤ መቅረጫ፤ ትንሽ ነጭ ሰሌዳ ከነማርከሩ ወይም የጠመኔ ሰሌዳ፤ ጠርዝ ያለው ዝርግ ትሪና ስሱ የሰሞሊና (እንደ አሸዋ የተፈጨ ስንዴ) ንጣፍ፤ መስመር ያለው ወረቀት። ሰሞሊና ከሌለ ጨው ይሆናል፤ ዱቄት ግን ጣት ላይ እየተጣበቀ መስመሩን ያበላሻል። ንጣፉ ከግማሽ ሴንቲ ሜትር አይብለጥ፤ ከወፈረ ጣት ያለፈበት ቦታ ተመልሶ ይደፈናል፣ ልጁም የጻፈውን አያይም።

ላጲስ ከጠረጴዛው ላይ አንሡት። ላጲስ ያየ ልጅ አንዷን ፊደል 5 ጊዜ ፍቆ ወረቀቱን ይቀድዳል፣ እጁ ግን የሠራው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። የተበላሸችውን ከሥሯ ነጥብ አድርጎባት አጠገቧ እንደገና ይጻፍ።

ደብተሩና መስመሩ

የፈረንሳይ ተማሪ ደብተር መስመር «ሴዬስ» ይባላል። ዣን-አሌክሳንድር ሴዬስ የተባለ የፖንቷዝ ከተማ መጽሐፍ ሻጭ እ.ኤ.አ. በ1892 ያስመዘገበው ሲሆን፣ እስከ ዛሬ አልተለወጠም ቢባል ማጋነን አይሆንም። ደማቅ አግድም መስመር በየ8 ሚሊ ሜትሩ ይመጣል። በሁለት ደማቅ መስመሮች መካከል 3 ስስ መስመሮች አሉ፤ ስለዚህ ቦታው ባለ 2 ሚሊ ሜትር 4 እርከኖች ይሆናል። ወደ ታች የሚወርዱት መስመሮችም በ8 ሚሊ ሜትር ይራራቃሉ፣ በግራ በኩል ቀይ የኅዳግ መስመር አለ።

ደማቁ መስመር መቆሚያ ነው፤ ፊደል ሁሉ በእሱ ላይ ይቆማል። ትንንሾቹ፣ እንደ አ፣ ኧ፣ ኢ፣ ኤን ያሉት፣ 1 እርከን ብቻ ይይዛሉ። ዴ እና ቴ ወደ 2 እርከን ይደርሳሉ (ቴን 1 ተኩል የሚያደርጉ ሞዴሎችም አሉ)። ኤል፣ ቤ፣ አሽ፣ ካ የመሰሉት ባለ ረጅም ቀለበቶች 3 እርከን ይወጣሉ። ዤ፣ ዢ፣ ፔ፣ ኩ ከመቆሚያው በታች 2 እርከን ይወርዳሉ። ኤፍ ደግሞ ሁለቱንም ናት፦ 3 ወደ ላይ፣ 2 ወደ ታች።

እዚህ ላይ ሒሳቡን አስቡት። የላይኛው ረድፍ ዤ 2 እርከን ወርዳ፣ የታችኛው ረድፍ ኤል 3 እርከን ስትወጣ 5 ይሆናል፤ በመካከላቸው ያለው ግን 4 እርከን ብቻ ነው። ስለዚህ ጀማሪ ሁልጊዜ አንድ ደማቅ መስመር እየዘለለ ይጻፍ። ሳይዘል የጻፈ ልጅ ቀለበቶቹ ሲጋጩበት ያሳጥራቸዋል፣ ያጠረች ኤል ደግሞ ኧ ትመስላለች።

2 ሚሊ ሜትር ለ5 ዓመት ልጅ ጠባብ ነው። ፈረንሳዮች ራሳቸው የሚጀምሩት በተስፋፋው ሴዬስ ሲሆን እርከኑ 3 ሚሊ ሜትር ነው፤ ቀጥሎ 2.5፣ በመጨረሻ 2። ደብተሩ ካልተገኘ በቤት ይሠራል። በኤፎር ወረቀት ላይ ደማቅ መስመር በየ12 ሚሊ ሜትሩ አስምሩ፣ በመካከላቸው በ3 ሚሊ ሜትር ርቀት 3 ስስ መስመር በስሱ እርሳስ። ከላይና ከታች 2 ሴንቲ ሜትር ብትተዉ 21 ያህል ቦታ ይወጣዋል፤ እየዘለላችሁ ስትጽፉበት 10 ወይም 11 ረድፍ ነው፣ ያ ደግሞ ለአንድ ሳምንት ይበቃል። ከኮምፒውተር የምታትሙ ከሆነ «ከገጹ ጋር አስማማ» የሚለውን ምርጫ አጥፉና በ100 ፐርሰንት አትሙ። ከዚያ በማስመሪያ ለኩ፦ 10 እርከን ልክ 30 ሚሊ ሜትር መሆን አለበት። 28 ከሆነ ማተሚያው አሳንሶታል።

ብዙ አስተማሪዎች ለጀማሪ እርከኖቹን በቀለም ይለያሉ። ከመቆሚያው መስመር በላይ ያለው የመጀመሪያ እርከን አረንጓዴ፣ ሣር ነው። ከሱ በላይ ያለው ሰማያዊ፣ ሰማይ ነው። ከመስመሩ በታች ያለው ቡናማ፣ አፈር ነው። «ኧ ሣሩ ውስጥ ትቀራለች፣ ኤል ሰማይ ትነካለች፣ ዤ አፈር ትገባለች» ሲባል የ5 ዓመት ልጅ ወዲያው ይይዘዋል። ቀለሙ ግን ክራንች ነው፤ ከ2 ወይም ከ3 ወር በኋላ አንሡት።

አቀማመጥ፣ ወረቀትና አያያዝ

እግሮቹ መሬት ይርገጡ። ካልደረሱ ካርቶን ወይም በርጩማ ከሥር አድርጉ፤ እግሩ የሚወዛወዝ ልጅ በጽሕፈት እጁ ጠረጴዛውን ተደግፎ ሚዛኑን ይጠብቃል፣ ያ እጅ ደግሞ መንቀሳቀስ ነበረበት። የጠረጴዛው ከፍታ ክርኑ ሲታጠፍ ከሚደርስበት ብዙም አይለፍ።

ወረቀቱ ቀጥ ብሎ አይቀመጥም። ለቀኝ እጅ ጸሐፊ የወረቀቱ አናት ወደ ግራ 20 ዲግሪ ያህል ያዘነብላል፣ ክንዱ ከወረቀቱ ጠርዝ ጋር ትይዩ እንዲሆን። ሌላው እጅ ወረቀቱን ይይዛል። ይህን ትንሽ ነገር አትናቁት፤ ፊደሎቹ ከመስመር ወጥተው ሲንሳፈፉ ግማሽ ጊዜ ጥፋቱ የሌላኛው እጅ ነው፦ አገጭ ደግፏል፣ ወይም ጠረጴዛ ሥር ነው።

እርሳሱን አውራ ጣትና ጠቋሚ ጣት ይቆነጥጡታል፣ መሀል ጣት ከሥር ሆኖ ይደግፈዋል። ከጫፉ 2 እስከ 3 ሴንቲ ሜትር ራቅ ብሎ። ሁልጊዜ የሚሠራ ዘዴ አለ፦ እርሳሱን የተቀረጸው ጫፍ ወደ ልጁ ዞሮ ጠረጴዛ ላይ አጋድሙት፤ ልጁ በአውራና በጠቋሚ ጣቱ ብቻ ጫፉ አካባቢ ቆንጥጦ ያንሣው፤ በሌላው እጁ ጀርባውን ገፍቶ ወደ ኋላ ይገልብጠው። እርሳሱ በሁለቱ ጣቶች መካከል ባለው ሸለቆ ላይ ይተኛል፣ መሀል ጣት በራሱ ቦታውን ያገኛል። ጽሕፈት በተጀመረ ቁጥር ይህን ይድገም፤ 3 ሰከንድ ነው የሚፈጀው።

እጅን ማዘጋጀት

ከ3 እስከ 5 ዓመት ያለው ሥራ ጽሕፈት አይደለም፣ ለጽሕፈት ግን ያለ እሱ አይሆንም። ግድግዳ ላይ ትልቅ ወረቀት ሰቅሎ በብሩሽ መቀባት ይቀድማል፤ ቆሞ ሲሠራ ትከሻና ክርን ይነቃቃሉ፣ ከዚያ ነው ወደ አንጓ፣ ከአንጓ ወደ ጣት የሚወረደው። ጣት በወጥ ቤት ይሠለጥናል፦ ምስር ያስለቅሙት፣ ከሊጥ ቁራሽ ሰጥታችሁ በሦስት ጣት ያድቦልቡል፣ የልብስ መቆንጠጫ ገመድ ላይ ይስካ። ፈረንሳይ ውስጥ ለዚህ ተብሎ የሚሸጥ ሸክላ መሳይ ሊጥ አለ፤ የዳቦ ሊጥ ምንም አያንሰውም።

ቀጥሎ ፈረንሳዮች «ግራፊዝም» የሚሉት ይመጣል፦ ቀጥ ያለ መስመር፣ አግድም፣ ክብ፣ ማዕበል፣ ድልድይ፣ ቀለበት፣ ጥምዝ። እነዚህ ጌጥ ናቸው። ልጁ የዓሣ ቅርፊት፣ የሸማ ጥለት፣ የጀበና ጢስ እየሣለ ይለማመዳቸዋል። ብዙ ወላጅ የሚሳሳተው እዚህ ነው፦ ገጽ ሙሉ ቀለበት አስደርድሮ «ኧ እያስጻፍኩት ነው» ይላል። ጌጥ ከየትም ተጀምሮ በየትም ሊዞር ይችላል፤ ጽሕፈት ግን መነሻና አቅጣጫ አለው። ቀለበት የደረደረ ልጅ እጁ ላልቷል እንጂ ኧን ገና አልተማረም።

የፊደላቱ ቅደም ተከተል

በአ፣ ቤ፣ ሴ ቅደም ተከተል አትሂዱ። ፊደላት የሚሰበሰቡት በእንቅስቃሴ ቤተሰብ ነው፤ አንዱን የያዘ እጅ ወንድሞቹን በቶሎ ያገኛቸዋል። አስተማሪዎች በዝርዝሩ ይለያያሉ፣ እኛ የምንመርጠው ይህ ነው።

መጀመሪያ ቀለበቶች፦ ኧ እና ኤል። ኧ ከመቆሚያው መስመር ተነሥታ ወደ ቀኝ እያዘነበለች ትወጣለች፣ አናቷ ላይ ወደ ግራ ትጠመዘዛለች፣ ወደ ታች ስትወርድ የራሷን መውጫ ታቋርጣለች፣ መስመሩ ላይ ጎብጣ ወደ ቀኝ ትወጣለች። ኤል ያችው ናት፣ በ3 እርከን። የተለመደው ጥፋት ቀለበቱ ዓይኑን መጨፈኑ ነው፤ ልጁ ቀጥ ብሎ ወጥቶ በዚያው መንገድ ስለሚመለስ። መፍትሔው ወደ ቀኝ የሚያዘነብለውን መውጫ ማራዘም ነው።

ሁለተኛ ሹሎች፦ ኢ፣ ኡ፣ ቴ። እነዚህ በተቃራኒው በወጡበት መንገድ ይመለሳሉ። አናት ላይ አንድ አፍታ ቆም ይባላል፤ ያቺ ቆምታ ከቀለበት የምትለያቸው ናት። የኢ ነጥብና የቴ አግድም የሚደረጉት ቃሉ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው፤ የፈረንሳይኛ ምልክቶች ሁሉ፣ ኧ አናት ላይ የሚቀመጡት ጭረቶችም፣ እንዲሁ።

ሦስተኛ ክቦች፦ ሴ፣ አ፣ ዴ፣ ኩ፣ ዤ፣ ኦ። የዘዴው ከባዱ ቦታ ይሄ ነው፣ ጊዜ ስጡት። ክቡ የሚጀመረው ከአናቱ በስተቀኝ፣ የሰዓት ፊት ላይ 1 ቁጥር ካለበት ቦታ ነው (ቁጥሩን ነው የምንለው፣ በእኛ ሰዓት ሰባት ማለት ነው)። ከዚያ ወደ ኋላ፣ ወደ 12፣ ከዚያ በግራ በኩል ወደ ታች፤ ከሰዓቱ መርፌ በተቃራኒ። ክቡ መነሻው ላይ ሲዘጋ ነው አ የኢን መውረጃ፣ ዴ የቴን መውረጃ የምትጨምረው። ከታች የጀመረ ወይም በመርፌው አቅጣጫ የዞረ ልጅ መውረጃውን የሚያደርገው እርሳሱን አንሥቶ፣ በቅጥያ መልክ ነው፤ ያኔ አ ክብና ዱላ ሆና ትለያያለች።

ከፊቷ ሌላ ፊደል ሲኖርስ? የኤል ጅራት ወጥታ የአ ክብ የሚነካበት ቦታ ላይ ትቆማለች፣ እርሳሱ ይነሣል፣ 1 ቁጥር ላይ አርፎ ክቡን ይጀምራል። ሳያነሡ በክቡ አናት ላይ ሄዶ በራስ ላይ መመለስን የሚያስተምሩም አሉ። ለትንሽ ልጅ ማንሣቱ ይቀላል ባዮች ነን፤ የልጃችሁ አስተማሪ ሌላውን ካስተማረች ግን የእሷን ያዙ። ሁለት መንገድ በአንድ እጅ አይገባም።

አራተኛ ድልድዮች፦ ኤን፣ ኤም፣ ከዚያ ፔና አሽ። በተያያዥ ጽሕፈት ኤን ሁለት ድልድይ፣ ኤም ሦስት አላት፤ ከኅትመቱ አንድ አንድ ይበልጣሉ ማለት ነው፣ ማንበብ የጀመረ ልጅ ለዚህ ይደናገራል። «ድልድይ፣ ድልድይ፣ መንጠቆ» እያላችሁ አብራችሁት ቁጠሩ። አናቱ ከሾለ ኤን ኡ ሆናለች።

የቀሩት፣ ኤር፣ ኤስ፣ ቬ፣ ቤ፣ ኤፍ፣ ካ፣ ኢክስ፣ ዜድ፣ ኢግሬክና ሌሎቹ፣ የነዚሁ ቅልቅል ናቸው። ከነሱ ልዩ ትኩረት የሚሹት ኦ፣ ቤ እና ቬ ናቸው፤ ከላይ እንጂ ከታች አይወጡም። ከኦ በኋላ ኧ ስትመጣ መነሻዋ ከመስመሩ ሳይሆን ከአየር ላይ ይሆናል። እነዚህን ጥንዶች ለብቻ አስተምሯቸው፣ በራሳቸው አይመጡም።

አንድ ትምህርት ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ

ለ5 ዓመት ልጅ 10 ደቂቃ፣ ለ6 ዓመት 15 ይበቃል። ክፍል ውስጥ ከ5 ወይም ከ6 ልጅ በላይ አንድ ላይ አትያዙ፤ የሁሉንም እርሳስ ጫፍ ማየት አይቻልም። ኧ እና ኤል ተለይተው ተይዘዋል እንበል፣ ዛሬ የመጀመሪያው ቃል ነው፦ «ኤል»፣ እሷ ማለት። ኧ፣ ኤል፣ ኤል፣ ኧ ተብላ ትጻፋለች፤ በሁለት ፊደል ብቻ እውነተኛ ቃል ተጻፈ ማለት ነው።

1. ልጁ ከጎናችሁ ይቀመጥ፣ ፊት ለፊት አይሁን፤ ፊት ለፊት ያለ ሁሉን ገልብጦ ያያል። ቃሉን ትልቅ አድርጋችሁ በዝግታ ጻፉለት፣ መጀመሪያ ዝም ብላችሁ። ሁለተኛ ጊዜ እያወራችሁ፦ «ወጣሁ፣ ተጠመዘዝኩ፣ ወረድኩ፣ መስመሩን ነካሁ፣ አልቆምም፣ አሁን እስከ ሰማይ።»

2. ክንዱን ዘርግቶ በአየር ላይ ይጻፍ። ሁለት ጊዜ ብቻ፤ ከዚያ በላይ ጨዋታ ይሆናል።

3. በሰሞሊና ትሪው ላይ በጠቋሚ ጣቱ። ትሪው ትንሽ ከሆነ ሁለት ሁለት ፊደል ይጻፍ።

4. በሰሌዳው ላይ ሦስት ጊዜ፣ እየጠረገ። ለክፍል አስተማሪ የሊዮኑ «ላ ማርቲኒየር» ዘዴ እዚህ ይጠቅማል፦ አስተማሪው ጠረጴዛ መታ ሲያደርግ ሁሉም ይጽፋል፣ ሁለተኛ መታ ሲያደርግ ሁሉም ሰሌዳውን ያነሣል። በአንድ እይታ ማን እንደተሳሳተ ይታወቃል። የእጁን ጉዞ ግን አያሳይምና አጠገብ መሄዱ አይቀርም።

5. አሁን ወረቀት። ልጁ ሲጽፍ ተመልከቱ። ኧ ከመስመሩ ትነሣለች፣ ትጠመዘዛለች፣ ትወርዳለች። መስመሩን ስትነካ እርሳሱ ቀጥ ካለ፣ ገና ፊደል በፊደል እያሰበ ነው፤ ጅራቷ ሳትቋረጥ የኤል መውጫ ልትሆን ይገባል። የመጀመሪያዋ ኤል ብዙ ጊዜ ታምራለች። ሁለተኛዋ ላይ ጣቶቹ ተጨብጠዋል፣ አንጓው ከመጀመሪያው ቦታው አልተነቃነቀም፣ ስለዚህ ኤሏ ወደ ግራ ትወድቃለች ወይም ታጥራለች። ይሄ የጣት ድክመት አይደለም፤ ክንዱ ወደ ቀኝ አልተንሸራተተም። ከሁለቱ ኤሎች መካከል እርሳሱን ሳያነሣ ክንዱን በቀስታ ወደ ቀኝ ገፋ አድርጉለት፣ ወዲያው ይስተካከላል።

6. ሦስት ጊዜ ከጻፈ ይቁም። ከሦስቱ የተሻለችውን ራሱ ያክብባት፣ ለምን እንደመረጣት ይናገር። «ሁለቱ እኩል ሰማይ ስለነኩ» ካለ ትምህርቱ ገብቶታል። «ቆንጆ ስለሆነች» ካለ ነገም ይኸው ቃል ነው።

በሚቀጥሉት ቀናት ሹሎቹ ሲጨመሩ «ኢል»፣ እሱ ማለት፤ «ቱ»፣ አንተ ወይም አንቺ፤ «ሊ»፣ አልጋ፣ መጨረሻዋ ላይ የማትነበብ ቴ ያላት። ትርጉም የሌለው የፊደል ድርድር ከማስጻፍ እነዚህ ይሻላሉ።

ሙሉ መስመር አንድ ፊደል ማስጻፍ የቆየ ልማድ ነው፣ የሚጎዳም ነው። ደብተሩን ገልጣችሁ እዩ፦ ሦስተኛዋ ከሁሉ ታምራለች፣ አሥረኛዋ ከሁሉ ታስጠላለች፣ እጁ ይዞት የሚሄደው ደግሞ አሥረኛዋን ነው። በነጥብ የተሳሉ ፊደሎችን ማስቀጠልም እንደዚያው ነው። ልጁ ከነጥብ ነጥብ እየፈለገ በዝግታ ይሥላል፣ ወረቀቱ ያምራል፣ ነጥቡ ሲወሰድ ግን ምንም የለም።

ግራኝ ልጅ

እጁን አታስለውጡ። ወረቀቱን ከደረቱ መሀል ወደ ግራ አስጠጉት፣ አናቱን ወደ ቀኝ አዘንብሉት፣ ከቀኝ እጅ ጸሐፊው ትንሽ በበለጠ። እርሳሱን ራቅ አድርጎ፣ ከጫፉ 3 ወይም 4 ሴንቲ ሜትር ይያዝ፤ አለዚያ የራሱ ጣት የጻፈውን ይጋርደዋል፣ እሱን ለማየት ሲል አንጓውን ከላይ አጉብጦ እንደ መንጠቆ ያደርገዋል። መንጠቆው ከተለመደ ማስተው ከባድ ነው። የፈረንሳይ ደብተሮች ናሙናውን በመስመሩ ግራ ጫፍ ስለሚያስቀምጡ የግራኙ እጅ ገና ሲጀምር ይሸፍነዋል፤ ናሙናውን በቀኝ ጫፍም ደግማችሁ ጻፉለት። በጋራ ዴስክ ላይ በግራ በኩል ይቀመጥ፣ ከጎረቤቱ ክርን ጋር እንዳይጋጭ። የፊደላቱ የመዞሪያ አቅጣጫ ግን ለግራኝም ያው ነው።

ሲበላሽ

ወረቀቱ ከጀርባው ጎድጎድ ካለ ወይም ጫፉ ከተሰበረ ልጁ ይጫናል። ብዙ ጊዜ ጫፉ አጠገብ ስለያዘ ነው። ከወረቀቱ ሥር የታጠፈ ጨርቅ አድርጉ፤ ሲጫን ወረቀቱ ስለሚበሳ ራሱ ያቀልለዋል። ጠቋሚ ጣቱ ወደ ውስጥ ተሰብሮ ከሆነ የእርሳስ ቦታ ሳይሆን የጡንቻ ነገር ነው፣ ወደ ሊጡና ወደ መቆንጠጫው ለተወሰኑ ሳምንታት ተመለሱ።

ፊደሎቹ ወደ መስመሩ መጨረሻ እየተጨናነቁ ከሄዱ ክንዱ ቆሟል። እየሰፉ ከሄዱ ደግሞ ቸኩሏል። የተገለበጠ ፊደል እስከ 7 ዓመት አካባቢ የተለመደ ነው፣ ለብቻው የሚያስደነግጥ አይደለም። ልጁ እጄን አመመኝ የሚል ከሆነ፣ ወይም ሴፔን ጨርሶ የጻፈውን ራሱ ማንበብ ካልቻለ ግን ልምምድ በማብዛት አይፈታም፤ ፈረንሳይ ውስጥ ፕሲኮሞትሪሲየን ወይም ኤርጎቴራፐት የሚባሉ ባለሙያዎች የሚያዩት ጉዳይ ነው።

ሌላው የመበላሸት ምክንያት የሞዴል መቀላቀል ነው። የፈረንሳይ ትምህርት ሚኒስቴር እ.ኤ.አ. በ2013 ለትምህርት ቤት የሚሆኑ ሁለት የጽሕፈት ሞዴሎች አውጥቷል፣ አሳታሚዎች ደግሞ የየራሳቸው አላቸው። ልዩነታቸው ትንሽ ነው፤ ለ5 ዓመት ልጅ ግን ትንሽ አይደለም። ክፍሉ የትኛውን እንደሚጠቀም ጠይቃችሁ በዚያው ሂዱ።

አማርኛም ለሚጽፍ ልጅ

የኛ ፊደል አይያያዝም፤ እያንዳንዱ ራሱን ችሎ ይቆማል፣ እርሳስም ይነሣል። አማርኛ የቀደመው ልጅ ስለዚህ የላቲኑን ፊደላት ነጣጥሎ ይጽፍና ኋላ ተመልሶ በመካከላቸው ገመድ ይሥላል። ሲታይ የተያያዘ ይመስላል፣ እርሳሱን ስትከተሉ ግን ይጋለጣል። እንዲህ ካደረገ ወደ ሁለት ፊደል ጥንዶች መልሱት፣ በሰሞሊናው ላይ ጣቱን ሳያነሣ።

ክቦች ላይ ግን ሁለቱ ቋንቋዎች ይረዳዳሉ። ዐ፣ ፀ፣ መ ውስጥ ያለውን ክብ ከየትም ጀምሮ መዞር ስለሚቻል ልጆች እንደመጣላቸው ያደርጉታል። ቤት ውስጥ አማርኛ የምታስጽፉ ከሆነ እነዚህንም ከዚያው ከ1 ቁጥር ቦታ አስጀምራችሁ ወደ ግራ አስዙሯቸው። ዐ አያጣም፣ የፈረንሳይኛዋ አ ደግሞ ትጠቀማለች። ሁለቱን ጽሕፈት በአንድ ቁጭታ አታስጽፉ፤ አንዱ ጠዋት ከሆነ ሌላው ከሰዓት ይሁን።

ወደ 2 ሚሊ ሜትርና ወደ ብዕር

ከ3 ወደ 2.5 የሚኬደው ትንንሾቹ ፊደላት አንድ ዓይነት ቁመት ሲይዙና ኤሎች ከዴ በግልጽ ሲረዝሙ ነው፤ በዕድሜ አይወሰንም። ጠብቦ ከተበላሸ ለሁለት ሳምንት ወደ ሰፊው መመለስ ነውር የለውም። ትልልቁ ተያያዥ ፊደል ብዙ ጊዜ የሚማሩት ሁለተኛ ክፍል፣ ሴኧ-ኧን ሲደርሱ ነው፤ እስከዚያ ለዓረፍተ ነገር መጀመሪያ ትልቁን የኅትመት ፊደል ይጠቀሙ፣ ከቀጣዩ ጋር ግን አይያያዝም።

ብዕሩ በሴፔ ይመጣል። ፈረንሳይ ውስጥ ባለኳስ ብዕር ለተማሪ በይፋ የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ1965 ነው፤ ከዚያ በፊት ልጆቹ በቀለም በሚነከር ብረት ጫፍ ነበር የሚጽፉት፣ ሲወጣ ስስ ሲወርድ ወፍራም እያደረጉ። ለመጀመሪያው ብዕር መካከለኛ ጫፍ ያለው ተራ ሰማያዊ ባለኳስ ይሻላል። በጣም የሚንሸራተተው የጄል ብዕር እጁን ያመልጠዋል፣ ግራኝ ከሆነ ደግሞ መዳፉ ቀለሙን ይዞት ይሄዳል። የመጀመሪያዎቹን ቀናት ልጁ የሚያውቃቸውን ቃላት ብቻ ይጻፍበት፤ አዲስ ፊደል በአዲስ ብዕር አታስጀምሩ።